ያልተተኮሱት የሽንት ጨርቆች

«እግሩን ያዢልኝ» አለች እናቷ። «አታጥብቂበት፤ እንዳይፈራገጥ ብቻ።»

ንኮንዴ የወንድሟን ሁለት እግሮች ያዘች። ለብ ያለው ውሃ መቀመጫውን ገና ሲነካው ሉቡቶ ፊቱ ደም መስሎ ትንፋሽ እስኪያጥረው አለቀሰ። አምስት ወር የሞላው ልጅ ነው፤ ድሮ ውሃ ሲያይ የሚስቅ፣ ሳፋውን በእግሩ እየደበደበ እናቱን የሚያበሰብስ ጉደኛ ነበር። አሁን የውሃ ድምፅ ሲሰማ ገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

እናቷ ክሊኒክ እንደነገሯት ነው የምታደርገው። ሳሙና የለም፤ ማሸትም የለም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ታለቀልቀዋለች፤ በስስ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረገች ታደርቀዋለች። ከዚያ ከወገቧ የምታገለድመውን ባለአበባ ቺቴንጌ መሬት ላይ አንጥፋ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ራቁቱን በደረቱ ታስተኛዋለች። በመጨረሻም ነጩን ቅባት ወፈር አድርጋ ትቀባዋለች።

«ቅላቱስ እየለቀቀው ነው» አለች ጎንበስ ብላ እያየች። «እነዚህ እብጠቶች ናቸው ግራ ያጋቡኝ። ሽንት ያቃጠለው ገላ እንዲህ አያብጥም።» ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀች። «ጨርቆቹን ተኩሰሻቸዋል አይደል?»

«አዎ።»

«በሁለቱም በኩል?»

«አዎ አልኩሽ እኮ፣ እማ።»

እናቷ እሺ ብላ ወደ ቅባቱ ተመለሰች። አላፈጠጠችባትም፤ ደግማም አልጠየቀቻትም። ንኮንዴን ያስፈራት ይሄ ነው። ብትጮህባት ኖሮ ምናልባት እዚያው ታወጣው ነበር፤ መታመኗ ግን አፏን ለጎመው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በነጭ ቅባትም አይታሽም።

በሉዋንሺያ ከተማ ዝናብ ከገባ ውጭ የተሰጣ ልብስ ሳይተኮስ እንደማይለበስ የማያውቅ የለም። እርጥብ ጨርቅ የምትወድ ቢጫ ዝንብ አለች፤ እንቁላሏን ስፌቱ ውስጥ ትጥላለች። የጋለ ካውያ ካላለፈበት እንቁላሉ ይፈለፈልና ትሉ የሰው ገላ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው እየበላ ይደልባል። ስለዚህ እዚህ ካልሲም፣ የውስጥ ሱሪም፣ ፎጣም ይተኮሳል። ለተጨማደደ ሸሚዝ ይቅርታ ይኖራል፤ ያልተተኮሰ የሽንት ጨርቅ ግን የእናትየውን ስም ያጠፋል።

ንኮንዴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ ከሰሉ ራሰ፤ ብታራግበው ጭስ እንጂ ፍም አልወጣውም። የከሰል ካውያው ይከብዳል፤ ጨርቆቹ ደግሞ ክምር ነበሩ። በዚያ ላይ ጓደኛዋ ሙታሌ ጸጉሯን ልትሠራት በረንዳዋ ላይ እየጠበቀቻት ነበር።

«አንቺ ደግሞ፣ ነቄ በይ እንጂ» አለቻት ሙታሌ። «አጣጥፈሽ ፍራሽሽ ሥር ክተቺዋ። ተኝተሽበት ስታድሪ ቀጥ ይላል። እኔ የዩኒፎርም ቀሚሴን ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው። ማን ይነቃብሻል?»

ማንም አልነቃባትም። ጨርቆቹ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ካውያ ያለፈባቸው መስለው ወጡ። ትንሽ እርጥበት እርጥበት ይላሉ እንጂ ሌላ እንከን አይታይባቸውም ነበር። ከዚያ የወንድሟ ገላ ቀላ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ቀጥሎ እብጠቶቹ መጡ።

ልጁ ገና እየተንሰቀሰቀ ሳለ የቻንሳ እናት በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። እኚህ ጎረቤት በር ማንኳኳት አያውቁም። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ያዋለድኩት እኔ ነኝ ባይ ናቸው፤ ግማሹ እንኳ እውነት ነው።

«ይሄ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ እኔ እንዴት አርፌ ልቀመጥ?» አሉና ተንበርክከው አዩት። ትልቁን እብጠት በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ሉቡቶ እሪ አለ። «ትል ነው እንዳልል፣ የንኮንዴ እናት፣ አንቺ ያልተተኮሰ ጨርቅ የምታለብሺ ሴት አይደለሽም።»

«የምትተኩሰው ንኮንዴ ናት» አለች እናቷ፤ በድካሟ መሃል ኩራት ብልጭ አለባት። «ከእሷ እጅ የወጣ ጨርቅማ ቢፈለግ እንከን አይገኝበትም።»

ንኮንዴ ዓይኗን የት እንደምታሳርፈው ጠፋት።

«እንግዲያው ብጉንጅ ነዋ። የብጉንጅ መድኃኒቱ ምላጭ ነው። በእሳት ለብልቤ ጫፉን በጣ አደርግና እጨምቅልሻለሁ። መግሉ ሲወጣለት እንቅልፉን ይተኛል።»

«ክሊኒክ ብወስደውስ?»

«ቅዳሜ ነው እኮ ልጄ፣ ማን አለ ብለሽ? እስከ ሰኞ ይጩህ?»

እናቷ ሕፃኑን አየችው። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ይቺን ደረቅ ዓሣ ገበያ አድርሼ ልምጣ። ስመለስ እናደርገዋለን።»

ቤቱ ጭር ሲል ንኮንዴ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። ልጁ ለቅሶው አድክሞት በደረቱ እንደተኛ አሸልቧል። እስከዛሬ ቁስሉን በቅርብ ላለማየት ስትሸሽ ነው የከረመችው፤ ልብሱን ስትቀይርለት እንኳ ወደ መስኮቱ ዞር ትል ነበር። አሁን ግን ጎንበስ አለች። በትልቁ እብጠት አናት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋ ይረጥባል። እያየቻት ከውስጥ አንድ ነገር ብቅ ብሎ ተመለሰ።

ንኮንዴ ወደ ኋላ ስትስፈነጠር ግድግዳው ነው ያስቆማት። ሕይወት ያለው ነገር ነው። ወንድሟን ከውስጥ እየበላው ነው፤ ያስገባችበትም እሷ ናት።

ምላጩም ትዝ አላት። የአጎቷ ልጅ ካፑምባ ክንዱ ላይ እንዲህ ያለ ትል ገብቶበት፣ ብጉንጅ ነው ብለው በምላጭ ሲነኩት ውስጡ ፈርጦበት ነበር። ክንዱ ጭኑን አክሎ፣ ትኩሳት ጥሎት፣ ሆስፒታል ነው የከረመው። ያኔ ካፑምባ ኳስ የሚያሳድድ ልጅ ነበር። ሉቡቶ ግን ገና መቀመጥ እንኳ አይችልም።

«እማ ሳትመጣ አወጣዋለሁ» አለች ለራሷ። ማንም ሳያውቅ ነገሩ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል። ቫዝሊኑን አነሳችና ቀዳዳዋን ደፈነቻት። ትሉ አየር ሲያጣ ራሱ ሊተነፍስ ይወጣል፤ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። እውነትም ነጭ ጫፍ ብቅ አለ። በጥፍሮቿ ልትይዘው ስትል የተላጠውን ገላ ጫረችው። ሉቡቶ ባንኖ ጮኸ፤ ጫፉም ተመልሶ ገባ።

ደግማ ሞከረች። በዚህኛው ደም ታየ።

ቫዝሊኑን ጥላ ልጁን አነሳችው። «ይቅር በለኝ፣ ማሙሽዬ፣ ይቅር በለኝ» እያለች ቤቱን ዞረችው። የሚሸሻት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሸሚዟን በትንሽ እጁ ጨብጦ፣ እርጥብ ፊቱን አንገቷ ሥር ወሽቆ ተለጠፈባት። ካሳመመችው ከእሷ ሌላ የሚሸሽበት ሰው የለውም። ይሄ አንጀቷን በላው።

ከደጅ የእግር ኮቴ ተሰማ። እናቷ ዝናብ ያበሰበሰውን ሻሿን እየፈታች ገባች፤ ከኋላዋ የቻንሳ እናት ሻማና ምላጭ በሳህን ይዘው ተከተሉ።

«በይ አምጪው» አለች እናቷ።

ንኮንዴ ልጁን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኛም ደስ ብሎን አይደለም» አሉ የቻንሳ እናት ሻማውን እየለኮሱ። ምላጩን ነበልባሉ ላይ ያዙት፤ ጫፉ እየጠቆረ ሄደ። «አንዴ ይጮሃል፣ ከዚያ አለቀ።»

«አልተኮስኳቸውም» አለች ንኮንዴ።

ሉቡቶ እያለቀሰ ስለነበር ማንም አልሰማትም። ዝም ብትል አሁንም መንገዱ ክፍት ነው። እናቷ ልጁን ልትቀበላት እጇን ዘርግታለች።

«እማ፣ ጨርቆቹን አልተኮስኳቸውም። ፍራሽ ሥር ነው የከተትኳቸው። ብጉንጅ አይደለም፤ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። በምላጭ አትንኩት።»

የቻንሳ እናት ምላጩን ከእሳቱ መለስ አደረጉት። «ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው። የተዘረጋው የእናቷ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ንኮንዴ ጥፊውን ጠበቀች፤ ጥፊ ቢሆን በተሻላት ነበር።

«ቫዝሊኑን አምጪ» አለች እናቷ።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ልጁን ጡቷ ላይ አደረገችው። እየጠባ ለቅሶው ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ዝምታ እስኪወርድ እያንዳንዱን እብጠት በወፍራሙ ቀባች። ከዚያ ጠበቀች። ንኮንዴ እንደዚያ ያለ ትዕግሥት አይታ አታውቅም። ነጩ ጫፍ ወጣ፤ እናቷ አልነካችውም። ገባ፤ አልነካችውም። እንደገና ወጥቶ ሲረዝም ብቻ በሁለት አውራ ጣቶቿ ከሥር፣ ከግራና ከቀኝ፣ ረጋ ብላ ገፋችው።

«እዪ» አለች። «ዓይንሽን አትጨፍኚ።»

ንኮንዴ አየች። የተቀቀለ ሩዝ የመሰለ፣ ወፍራም፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነገር። ዓይኗን አልነቀለችም። ሦስት ነበሩ። የመጨረሻው ሲወጣ ሉቡቶ አንዴ ተነፋረቀና ጡቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። እናቷ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጠበችው፤ ማጠቧን ስትጨርስም ቀና አለች።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁን ራሷ አጠበች፤ ራሷ ተኮሰች። ገበያም ስትሄድ ልጁን ራሷ አዝላ ሄደች። አላኮረፈችም። «ነይ ብዪ» ትላታለች፣ «ውሃ ቅጂ» ትላታለች። ሕፃኑን ግን አትሰጣትም። ንኮንዴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሉቡቶ እጁን ሲዘረጋላት እናቷ ሌላ ሥራ ታስታውስ ነበር።

የሕፃናት ሚዛን ቀን ሲደርስ ቁስሉ ሽሯል፤ የቀረው ክብ ክብ ጠባሳ ብቻ ነው። ሚዛኑ ክሊኒኩ ደጅ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቶች ልጆቻቸውን እያራቆቱ ተሰልፈዋል፤ እዚያ ሰልፍ ላይ የሚደበቅ ገላ የለም። ንኮንዴ ቦርሳ ይዛ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። ከፊታቸው የሙታሌ አክስት አሉ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ከክፍሏ ሁለት ልጆች እናቶቻቸውን አጅበው መጥተዋል።

እናቷ የሉቡቶን ሱሪ ስታወልቅ የሙታሌ አክስት ዞር አሉ።

«ኧረ የንኮንዴ እናት፣ ይሄ የዝንቧ ሥራ አይደል እንዴ?» ድምፃቸው ሰልፉን ሁሉ ያዳርሳል። «በቤትሽ ካውያ ጠፋ? መጥተሽ የእኔን ካውያ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ አንገቷን አስግጋ አየች። «የዘመኑ እናት ጊዜ የላትማ» አለች ሌላዋ። በሰልፉ ጫፍ የቆሙት የቻንሳ እናት የልጅ ልጃቸውን ሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያዙ።

የእናቷ ፊት ጠቆረ። «ዝናቡ ነው…» አለች። «እኔም ቸኩዬ ሳላስተውል…»

ልትከልላት እንደሆነ ንኮንዴ ወዲያው ገባት። ተቆጥታባትም፣ ልጁን ከልክላትም፣ በዚህ ሁሉ ሴት ፊት የራሷን ስም ልታጠፋላት ነው። መሬት መሬቱን እያየች ብትቆም ይበቃል። የክፍሏ ልጆች ወደዚህ እያዩ ናቸው፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት ከአሁኑ ይሰማታል። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እሷ አይደለችም፣ እትዬ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ጨርቁን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሳልተኩስ ተኩሻለሁ ብዬ ዋሸኋት።»

ሳቁ ቆመ። ከታች አንዱ ልጅ ሌላውን በክርኑ ሲጎሽመው ንኮንዴ አየች፤ ፊቷ እንደ እሳት ፈጀ። ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ቀጣይ» አለች ነርሷ ከሚዛኑ ሥር።

እናቷ ወደ ንኮንዴ ዞረች። ከዚያ ራቁቱን ሉቡቶን አቀበለቻት።