ዓይን የሌለው የጭቃ ፍጡር

ዲያቆን ዓለምነህ መጀመሪያ ወደ ክፍሌ የመጣው ሊገሥጸኝ ነው። ሰቆጣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። «ሌላ ዓለም ላይ ሕይወት ቢኖር ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ተማሪዎቼን በጭቃ አሠርቻቸው ነበር። ወሬው እንደ ወሬ ልማድ እየገዘፈ ሄዶ፣ «መምህርት ሰገነት ሌላ ፈጣሪ አለ አለች» ሆኖ ደብሩ ደረሰ።

ነጠላውን አጣፍቶ፣ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ፍጡራን አንድ በአንድ አየ።

«ይኼ ምነው እንዲህ ድፍጥጥ አለ?»

«የሚኖርባት ዓለም ከምድራችን ይልቅ አጥብቃ ወደ ታች ትስባለች። ረጅሙ ይሰበራል፤ አጭርና ወፍራም እግር ያለው ይተርፋል።»

«ጥቁሩ ቅጠልስ?»

«የሚኖርበት ዓለም ፀሐይ ደካማ ነው። ያገኘውን ብርሃን ሁሉ መምጠጥ አለበት።»

ቁጣው ወዴት እንደገባ እንጃ። ጫፍ ላይ ያለውን አነሣ። «ዓይን የለውም እኮ!»

«ከበረዶ በታች፣ ብርሃን በማይደርስበት ባሕር ነው የሚኖረው። ዓይን ምን ይሠራለታል?»

«ታዲያ ጓደኛውን በምን ያውቃል?»

«በመዳሰስ» አልሁት።

ጭቃውን እንደ ፍም ቶሎ መልሶ አስቀመጠው። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሌ የሚያመጣው ጥያቄ አላጣም። ከትምህርት በኋላ እስከ ባጃጅ ማቆሚያው አብረን እንወርዳለን፤ ተራርቀን፣ ሰው እንዳያማን። ብዙውን ጊዜ ዝም እንላለን። ዝምታን እኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ማታ በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ እሱ ነው። ከዓለምነህ ጋር ሲሆን ግን አይከብድም ነበር። ወደድሁት፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ቆም አለና «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

ደስታዬ አፍታ አልቆየም። «እኔ ፈት ነኝ፣ ዓለምነህ። ፃግብጂ ገጠር በልጅነቴ ድረውኝ፣ ልማር ብዬ ጠፍቼ ነው የመጣሁት።»

ፈት ያገባ ዲያቆን ቅስና አይቀበልም። ይህን ለእሱ መንገር አያስፈልግም። አባቱ ቄስ ገብረ አማኑኤል ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ካልተካቸው የሚያገለግሉበት የገጠር ደብር ቅዳሴ መታጎሉ ነው።

«ቅስናው ይቅርብኝ» አለ። «ደግሞ ይኼ ሥርዓት አንድ ቀን ይለወጥ ይሆናል።»

«ለውጥ በአንድ ፍጡር ዕድሜ አይመጣም፤ ስንትና ስንት ትውልድ ይፈልጋል። አባትህ ግን አሁን ነው የሚጠብቁህ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ብቻዬን መኖር ለምጄዋለሁ።»

ውሸት ነበር። እሱም አውቋል፤ ግን የአባቱን ነገር ሳነሣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና አልተከራከረኝም።

በዓመቱ የቄስ ልጅ አገባ፤ ቀሰሰም። የነገረችኝ ጎረቤቴ ባንቺ ናት፤ የሰርጉን ድግስ አድንቃ አልጠገበችም። እኔም አብሬያት አደነቅሁ፤ እሷ ስትሄድ በሬን ዘግቼ አለቀስሁ።

ባለፈው ሰሞን የገበያው መንገድ ላይ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጥምጥሙ አምሮበታል። ሰው ሁሉ እየቀረበ መስቀል ይሳለማል፤ ብሸሽ ይታወቅብኛል። ጎንበስ አልሁ። መስቀሉ ግንባሬን ነክቶ ወደ ከንፈሬ ወረደ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለኝ፤ መስቀሉን ግን ቶሎ አላነሣውም።

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ አሮጊት ነበሩ። ተሳልሜ አለፍሁ። በተዋወቅንበት ዘመን ሁሉ ያን ያህል ተቀራርበን አናውቅም።