የጠመኔው ሌባ

ትናንት ሙሉ የነበረው የጠመኔ ካርቶን ዛሬም ጎድሏል።

«የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው አንቺ ጋ ነው» አሉ የሂሳብ መምህሩ፣ የክፍል አለቃዋን ከመነጽራቸው በላይ እያዩ። «ከእረፍት መልስ የሌባውን ስም ትነግሪኛለሽ። አለዚያ ሌባዋ አንቺ ነሽ።»

አለቃዋ ክፍሉን በሙሉ ጠረጠረች። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ወንዶችን፤ ግን እነሱ ቢወስዱት ኖሮ ይወራወሩበት ነበር፤ ወለሉ ደግሞ እንደ ተላሰ ሳህን ንጹሕ ነው። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ በየትኛው ኪስ እንደሚቀመጥ የምታውቀው አንዲት ልጅ ብቻ ነች፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ከቅጥነቷ የተነሳ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥላዋለች። ጓደኛን መጠርጠር የገዛ ምላስን እንደ መንከስ ነው።

በእረፍት ሰዓት አለቃዋ ቦርሳዋን ሆን ብላ ትታ ወጣች። ትንሽ ቆይታ በጫፍ እግሯ ተመለሰች። ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ቆርጠም፣ ቆርጠም የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አንቺ! እየበላሽው ነው እንዴ?»

መርፌ አፏን ሸፈነች። የከንፈሯ ዳር ነጭ ነበር። «ቀስ በይ በናትሽ! ያምረኛል፤ ምን ላድርግ?»

«ያምረኛል? እርጉዝ ነሽ እንዴ?»

«አፍሽን ቁርጥ ያድርገው! ይኸው፣ አንቺ እንኳ እንዲህ ካልሽ ሌላው ምን ሊል ነው? ስሜን ከጠራሽ አለቀልኝ።»

አለቃዋ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ወር የትምህርት ቤቱ ነርስ ስለ ደም ማነስ ልታስተምር ክፍል ገብታ፣ «ደም ሲያንስ መዳፍ ይነጣል፤ አፈርና ጠመኔ የሚያምራቸው ልጆችም አሉ» ብላ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ መርፌ ብቻ አልሳቀችም።

«መዳፍሽን አሳዪኝ።»

«ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ?»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

መርፌ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ዘረጋችው። ተጠርጎም ነጭ ነው።

«ምሳሽንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ለወንድሜ ነዋ የምሰጠው። ይሄ ወገብ ዝም ብሎ የመጣ መሰለሽ?»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው ግር ብሎ ገባ፤ መምህሩም ተከተሉ።

«እህ፣ ስሙ?»

አለቃዋ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። «የምጠራው ስም የለኝም፣ ቲቸር። ከጓደኛዬ ጋር ክሊኒክ ደርሰን እንምጣ?»

«አንቺው ነበርሽ ማለት ነዋ!»

ክፍሉ አጉረመረመ። እሷ ግን የመርፌን ክንድ ይዛ ወጣች።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ነው። መርፌ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች።

«ነርሷን ምን እንላታለን?»

«አንቺ መዳፍሽን ብቻ ዘርጊ። ወሬውን ለኔ ተይው።»

መርፌ ጎንበስ አለች። ከካልሲዋ ስባሪ ጠመኔ አወጣች፤ ትንሽ አየችውና ጓደኛዋ እጅ ላይ አኖረችው።