ሦስቴ ተጠርተው ያልመለሱት

ይሄ የሆነ ነገር ነው። አላምንም በሚል ሰው አልፈርድም፤ ባላየው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ወላይታ ሶዶ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ታሪኩ የኢየሩሳሌም ነው። እኔ በጤና መምሪያው ቢሮ አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ነበርኩ።

ሥራዋ ከየወረዳው በፍላሽ የሚመጣውን የሕመምተኞች ስም ዝርዝር ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ መላክ ነበር። የኛ ሲስተም ስሞቹን ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ጠቅልሎ፣ በኢንተርኔት ለአዲስ አበባው ሲስተም ያቀብላል። ያኛው ደግሞ እንደ ክፉ ዘበኛ ነው። አንድ የማይፈቀድ ምልክት ካየ ፋይሉን በሙሉ ይመልሳል።

የዚያን ቀን ዝርዝር ከሃላሌ ነበር። ስድሳ አራት ሰው።

አርባ አንደኛው የገዛ አባቷ ናቸው። አቶ አንጁሎ፣ የልብ ሕመምተኛ። ወረፋው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ስድስት ወር እንደማይቆዩ ቁርጡን ነግሯታል።

ላከች።

ተመለሰ። «መስመር 19፣ የማይፈቀድ ምልክት።»

መስመር 19 ላይ ያለው «ሳህሊቱ» የሚል ስም ብቻ ነው። ምንም እንከን የለውም። ኢየሩሳሌም ጠቋሚውን በቀስት ቁልፍ ወደፊት ነዳችው... ከስሙ ፊት ሲደርስ ተጫነች። አልሄደም። ደግማ ስትጫን ሄደ።

«መስኪ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እዚህ ጋ የማይታይ ነገር አለ።»

አጠፋችውና እንደገና ላከች።

ተመለሰ። መስመር 33፣ ጉልላት።

ዝርዝሩን ወደጻፉት ወደ ጋሼ ዳልጮ ደወለች። ሃላሌ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ሳህሊቱ ከሚለው ስም በፊት የጻፉት ነገር አለ?»

«ሳህሊቱ ሞተች እኮ፣ ልጄ። ማክሰኞ ቀበርን።»

«...ጉልላትስ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ተያየን። ፍላሹ እጃችን የገባው ሰኞ ነው።

«ጋሼ፣ ምልክቱ ምንድነው?»

«ስም ስጠራ... ሦስቴ ጠርቼ ካልመለሰ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ። ለራሴ ማስታወሻ ነው። ስክሪን ላይ አይታይም። የማይታይ ነገር ምን ያበላሻል ብዬ...»

«ቀርተው ነበር ማለት ነው?»

«አልቀሩም። ግቢ ውስጥ ፊቴ ቆመዋል። ዓይን ዓይኔን ያያሉ... ስማቸውን ግን አይሰሙም።»

ኢየሩሳሌም ወደ ስክሪኑ ዞረች። ጠቋሚውን ወደ መስመር 41 ወሰደችው። ከአባቷ ስም ፊት አቁማ ቀስቱን ተጫነች።

አልሄደም።

«ጋሼ... አባባንም?»

 

«ቤቱ ሄጄ አልጋው አጠገብ ሦስቴ ጠራሁት፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ስሚኝ፣ ምልክቱን አትንኪ። ሦስቴ ያልመለሰን ሰው አራተኛ አይጠሩትም፤ ስሙን መላክም መጥራት ነው። አባቴ ነው ያስተማረኝ። በአራተኛው ይመልሳል... የሚመልሰው ግን ለጠራው ሰው አይደለም።»

ስልኩን ዘጋችው።

«የሽማግሌ ወሬ» አለችኝ። ዓይኗን ግን ከመስመር 41 አላነሳችም።

ምን ታድርግ? አባት ነው። ምልክቱን ካልነካች ፋይሉ አይሄድም፤ ፋይሉ ካልሄደ አባቷ የሉም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ከፋይሉ ውስጥ የማይፈቀደውን ምልክት ሁሉ ለቅሞ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጻፈች። አምስት መስመር ብትሆን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀር ላከች።

«64 ስሞች ደርሰዋል።»

እልል ብዬ አቀፍኳት። እሷም አለቀሰች።

ስልኳ ጮኸ። ሃላሌ አባታቸውን የምታስታምመው ታናሽ እህቷ አስካለች ነበረች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ኢዩ... አባባ ስንጠራው አይሰማም ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን ግን ‹አቤት› አለ።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!»

«ኢዩ... እኔ አልጠራሁትም።»

«ማን ጠራው ታዲያ?»

«እንጃ። ወደ በሩ ያያል። ‹አቤት፣ መጣሁ› ይላል... ኢዩ፣ ተነሳ! ሁለት ወር ከአልጋ ያልወረደ ሰው...»

«ያዢው!»

«አቃተኝ... በሩን ከፈተ። ደጅ ላይ ሴትዮ ቆማለች። ኢዩ... ሳህሊቱን ትመስላለች።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ኢየሩሳሌም ደጋግማ ደወለች። የሚያነሳ የለም። ፋይሉን ልሰርዝ አለች፤ አንዴ የደረሰ አይሰረዝም። በዚህ መሃል የአዲስ አበባው ሲስተም የማረጋገጫ ፋይል መለሰልን። የአባቷን ስም ልትፈልግ ከፈተችው።

አናቱ ላይ የላኪው ስም አለ። «ኢየሩሳሌም አንጁሎ።»

ጠቋሚውን ወደ ገዛ ስሟ ነዳችው። ስሙ ፊት ሲደርስ ተጫነች።

አልሄደም።

«ኢየሩሳሌም» አልኳት።

ጣቷ ቀስቱ ላይ ነው። ዝም አለች።

«ኢየሩሳሌም!»

ፊቷን አዙራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ኢዩ... በማርያም!»

እያየችኝ ነው። አልሰማችኝም።

አራተኛ አልጠራኋትም። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ሌላ ሰው ጠራት። የሽማግሌ ድምፅ ነው። በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አባት ልጁን እንደሚጠራ። ከሃላሌ ሶዶ በመኪና እንኳ ሰዓታት ይፈጃል።

«አቤት» አለች ኢየሩሳሌም። ከወንበሯም ተነሳች።