የዘገየው መርዶ

በሉ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬም ሄዷል። ስልካችሁንም አጥፉ። አዎ፣ ሁላችሁም። ይህን ታሪክ የበራ ስልክ ይዘው አይሰሙትም። ለምን አትበሉኝ፤ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለስልክ ግን አምስት ዓመት ድሮ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን አልነግራችሁም፣ ይርዳው የሚባል የኮምፒውተር አስተማሪ ነበር። የእድሩን ጥሩምባ ያስቀረው እሱ ነው። ሰው ሲሞት ይርዳው አንድ ቁልፍ ይነካል፣ የአራት መቶ እድርተኛ ስልክ ባንዴ ይጮኻል። ይህን የሚሠራው ሰርቨር የሚሉት ማሽን ነው። ማሽኑ ሩቅ አገር፣ ከአንድ አከራይ ድርጅት ቤት ነው የሚኖረው።

ታዲያ አንድ ክረምት እማማ ዘርፌ አረፉ። ይርዳው ቁልፉን ነካ። ማሽኑ መልእክቱን ዋጠው። ይርዳው ይህን ያወቀው ከቀብር በኋላ ነው። ስንት ሰው ቀበራቸው መሰላችሁ? ሰባት! ከማንም ለቅሶ ቀርተው የማያውቁትን ሴትዮ፣ ሰባት ሰው!

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ንጋቱ ተቆጡ። "ወይ ማሽኑን ሌላ ቤት አስገባው፣ ወይ ጥሩምባችንን መልስ!" አሉት። ይርዳውን ግን ከቁጣው ይልቅ የእማማ ዘርፌ ነገር ነበር የሚያንገበግበው። ከእንግዲህ ማንም እንዲህ አይቀበርም ብሎ ማለ።

ሌላ አከራይ አገኘ። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ተቀምጦ የእድርተኛውን ስምና ስልክ ወደ አዲሱ ሰርቨር አጋዘ። በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ደምስሶ ዘጋው። ደምስሶ! ይህቺን ያዙልኝ። የቀረው ሙከራ ነው። ለሙከራ ደግሞ የሟች ስም ያስፈልጋል። የማንን ይጻፍ? በቁሙ ያለ ሰው ስም ቢጽፍ ሟርት ነው። የሞተ ሰው ስም ቢጽፍ ነፍስ ማወክ ነው። ስለዚህ የራሱን ጻፈ። "ይርዳው አርፏል።" ለራሱ ስልክ ብቻ የሚሄድ መስሎት ነካው። ስልኩ ዝም። ለካ ባትሪው አልቋል! "ይኸም አልሠራም" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

አልሠራም? ኧረ ሠርቷል! ለአራት መቶውም ደርሷል።

ሲነቃ መሽቷል። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ በባሕር ዛፉ መንገድ ወጣ። ያቺ መንገድ ባንድ ወገኗ መቃብር ነው። በሌላውም ወገኗ መቃብር ነው። ሄደ፣ ሄደ። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ብቅ አለ። "እንደምን አመሸህ?" አለው ይርዳው። ዘበኛው ዱላውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሄደ፣ ሄደ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አዩት። "በስመ አብ!" ብለው ነጠላውንም ጥለውት በረሩ።

ይርዳው ምን አሰበ? ከኋላዬ አንድ ነገር አለ ብሎ አሰበ። ዞረ። ምንም። ፈጠን አለ። ዞረ። ምንም። በሦስተኛው ሲዞር ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ አንዲት አሮጊት።

"አይዞህ ልጄ፣ አብረን እንሂድ" አሉት።

ደስ አለው! "እማማ፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?"

"ካንተ ቤት ለቅሶ አለ። አገር ምድሩ ወጥቷል።"

"ከእኔ ቤት? ማን ሞቶ?"

"አንተ ነህ እንጂ" አሉት ቀስ ብለው። "ታድለህ። እኔን እኮ ሰባት ሰው ነው የቀበረኝ።"

ይርዳው እንዴት ቤቱ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሏል። እህቱ ደረቷን ትመታለች። አስከሬኑ ከትምህርት ቤት ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። መጣ! በሩጫ መጣ! ወንበሩ ተገለባበጠ፣ ሰው በየአጥሩ ዘለለ። ጋሼ ንጋቱ ብቻ ቀሩ፤ እግራቸው እምቢ ስላላቸው ነው። እጁን ዳሰስ አደረጉት።

"ይሞቃል! ደግሞም አልቦታል!"

"ሙከራ እኮ ነው ጋሼ! የሙከራ መልእክት ነው!"

ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። እህቱ በጥፊ አጮለችውና አቅፋው አለቀሰች። ሳቅም ስድብም ሆነ። ይርዳው ትንፋሹን ሰብስቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ታዲያ አዲሱ ሠርቷል ማለት ነው!"

ያኔ ነው። አራት መቶ ስልክ ባንዴ ጮኸ።

ጋሼ ንጋቱ አነበቡ። "እማማ ዘርፌ አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው።"

ይርዳው ስልካቸውን ተቀብሎ ከየት እንደተላከ አየ። ከአሮጌው ሰርቨር። ከየትኛው? ከዚያ ከደመሰሰው!

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ያለቀሰው ይርዳው ነው። "በእኔ ጥፋት ብቻቸውን ሄዱ" አለ። ጋሼ ንጋቱ የወደቀ ወንበር አንስተው ተቀመጡ። "ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሰው መጥቷል። ምን እንጠብቃለን?" አሉ። አገሩ ሁሉ ለእማማ ዘርፌ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከድንኳኑ ጥግ አንዲት አሮጊት ቁጭ ብለው ሰው ሲቆጥሩ ያየ አለ።

በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ። ብቻችሁን ግን አትሂዱ። መንገድ ላይ አሮጊት ብትቀላቀላችሁም...

ቆይ። የማን ስልክ ነው የበራው? አጥፉ አላልኩም?

አጥፍተኸዋል?

እስቲ አንብበው። ማን አረፈ ይላል?