በእርሳስ የተሠራ በር

«ግቢው ውስጥ ያለው አርባ ሰው ነው። ውሃው ለሃያ አምስት ነው የሚበቃው።»

«አሥራ አምስቱን አውጣቸዋ!»

«ከወጡ ይሞታሉ።»

«ይሙቱ። በሩን ዝጋ።»

ይህን የሰማሁት በግድግዳ በኩል ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ፍጥጥ ብላ። አልጠጣሁም፣ አልተኛሁም። ውሸቱን ነው የሚለኝ ካለ ባለቤቴን ይጠይቅ። የበኩር ልጃችን ዛሬ ነገ ትወልዳለች እያልን ስልኩ ላይ አፍጥጠን ስንጠብቅ፣ መዶሻዬን ይዤ ብድግ ስል «ወዴት ነው?» ብላ እጄን የያዘችኝ እሷ ናት።

እኔ ብረት በያጅ ነኝ፤ በር እሠራለሁ። ብዙም አልተማርኩም፤ ግን ከጎኔ ሰው ሲያልቅ ዝም ብዬ የምሰማ ጎረቤት አይደለሁም።

የጎረቤቴን በር ደበደብኩት። መዝጋቢው ከፈተ። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ፋይል ሲመዘግብ ስለሚውል ነው እንዲህ የምንለው። አርባ ዓመት ያለፈው ወንደላጤ ነው።

«ጋሼ! ምነው፣ ደህና ነዎት?»

«አሥራ አምስቱ ሰዎች የታሉ?»

ግራ ገብቶት ወደ ጠረጴዛው ጠቆመኝ።

ባለ ካሬ ወረቀት ተዘርግቷል። መሐሉ ላይ የጨው ዕቃ ቆሟል... ግንብ ነው አሉ። ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ጎናቸው የበዛ የዕጣ ጠጠሮች፣ ዳይሶች የሚሏቸው፣ ተበትነዋል። ከወዲያ በኩል ጓደኛው ፋርማሲስቱ ወፍራም ደብተር ታቅፎ ተቀምጧል። የጨዋታው ዳኛ እሱ ነው።

አስረዱኝ። መዝጋቢው ሦስት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ዘንዶ ሲገድል ከርሞ፣ አሁን «ጌታ» ሆኗል። መሬት ተሰጥቶታል። ምሽግ ይሠራል፣ ሕዝብ ይገዛል፣ ማን እንደሚራብና ማን እንደሚተርፍ ዳይስ እየጣለ ይወስናል።

ሳቄን እንዴት ልቻለው?

የሽንት ቤቱን በር በገመድ አስሮ የሚኖር ሰው እኮ ነው! አራት ወሩ! ያውም ግድግዳ ለግድግዳ በያጅ እያለው። ሚስማር ብትሰጡት በየትኛው ጫፉ እንደሚመታ የሚጠይቅ ሰውዬ... ምሽግ!

«ለመሆኑ ጌታዬ፣ ለዚህ ሁሉ ግንብ በር ጠባቂ አልዎት?» አልኩት፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ።

«እሱ ነው የጎደለን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«በሉ እኔን ይመዝግቡኝ።»

መዝጋቢው እርሳሱን አነሳ።

ፋርማሲስቱ ወደ መዝጋቢው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«በራሱ አፍ ነው ያለው?»

«በራሱ አፍ።»

«ጣል እንግዲህ።»

ዳይሱ ተንከባለለ... ቆመ። መዝጋቢው ወረቀቱ ላይ ከተሳለው በር ጎን በእርሳስ «በያጁ» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ለባለቤቴ የምነግራት ቀልድ አግኝቼ፣ እየተንከተከትኩ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ሥራ ስወጣ፣ የጋራ ግቢያችን በር ላይ ከመምህርቷ ጋር ተገጣጠምን። ጥግ ያለውን ክፍል የተከራየችው ናት።

እንደ ወትሮው «እንዴት አደሩ» አላለችኝም። ዘንቢሏን ከፍታ አሳየችኝ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዳቦ... ሳሙና... ሌላ ነገር የለም።»

ቆማ ጠበቀች። ግራ ቢገባኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ያኔ ገባች።

ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩባት።

«አንተ፣ ገና አልሄድክም እንዴ?» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

«አሁን መውጣቴ እኮ ነው።»

«ምን አሁን? ስድስት ሰዓት ሆነ!»

ቀና ስል ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነች። ትከሻዬን የቦርሳው ማንገቻ አቁስሎታል።

ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕም።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ልጃችን ምጥ ይዟታል!

ባለቤቴና እኔ እየተደነቃቀፍን ሮጥን። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ።

ማንም አልያዘኝም። ብቻ... ከዚያ ወዲያ መርገጫ የሌለ ይመስል፣ ቆመ።

«ና እንጂ!» አለችኝ ባለቤቴ። አልፋኝ ልትወጣ ስትል ግን እሷም ቀጥ አለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስትቆጣኝ የኖረች ሴት...

«ልለፍ?» አለች በሹክሹክታ።

«እ?»

«ይፈቀድልኝና... ልለፍ?»

«እለፊ።»

ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ሄደች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ገና ከበሩ ሳልወጣ፣ ባለቤቴ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። ድምፅዋ የራሷ ነበር፤ ቁጣዋም ተመልሷል። «ሕፃኗ ደህና ናት። እናቲቱ ግን ደም ፈሷት አልተነሳችም። አባዬን ጥሩልኝ እያለች ነው። ምን ዓይነት አባት ነህ አንተ?»

የመሣሪያ ቦርሳዬን ቤት ቆልፌበት ወደ መዝጋቢው ሄድኩ። በዚያው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ያለ መዶሻ።

ከመቀመጫው አልተነሳም። «ግባ» አለኝ።

ግባ! እስከዚያ ቀን ከ«ጋሼ» እና ከ«እርስዎ» ሌላ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው!

በወዲያ በኩል የሽንት ቤቱ በር ይታየኛል። አሁንም በገመድ ነው የታሰረው። እንግዲህ ጌታዬ ይኼ ነው።

«ስሜን ሰርዝልኝ። ቀልድ ነበር» አልኩት።

ፋርማሲስቱ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ጠባቂ ስለሚገባበት ተጽፏል። ስለሚወጣበት ግን... የለም።»

«ልጄ ታማብኛለች። አንድ ቀን ብቻ...»

ጎንበስ አልኩ። ልክ ባለፈው እሁድ እንዳደረግሁት። የአሁኑ ግን የምሬን ነበር።

መዝጋቢው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። በሩ ሥር የተረሳ ቆሻሻ እንደሚታየው አድርጎ።

«አንተ እዚህ ከገባህ፣ በሩ ላይ ማን ቀረ?»

በመስኮቱ ወደ ግቢው በር ተመለከትኩ።

ሰው ቆሟል።

ጀርባውን ሰጥቶናል። ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሷል። ትከሻው ላይ የመሣሪያ ቦርሳ አንግቷል። ማንገቻው በሽቦ ተቀጥሏል... ያንን ሽቦ የቀጠልኩት እኔ ነኝ።

መምህርቷ ከውጭ መጣች። ዘንቢሏን ከፍታ አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ። ገባች።

«እንግዲህ... ሰው ካለማ... እኔ ወደ ልጄ ልሂድ?»

መዝጋቢው እርሳሱን እየቀረጸ ነበር። ቀና አላለም።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? በሩ ላይ ያለውን ጠይቀው።»