የመሪው አምስተኛ ጥርስ

እናቴ የሞተችበትን መኪና መሪ፣ በገዛ እጄ፣ አባቴ መኪና ላይ ገጠምኩት።

ሳላውቅ ነው። ግን ገጠምኩት... ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ፤ ለማሳመን ጊዜ የለኝም። የሆነው ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ የጋራዡን ቆርቆሮ እያንጣጣችው ነው። ጨለማ የለም። የሚያላዝን ውሻ የለም። ሦስት ወንዶች፣ እኔ... እና አንድ አሮጌ የጭነት መኪና።

መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት አሸዋና ድንጋይ ጭኖበታል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ መኪናው ማለቴ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴና ወንድሜ በትንሿ የቤት መኪናችን ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ከግንብ ጋር ተጋጩ። የምትነዳው እሷ ነበረች ተባለ። ወንድሜ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። እሷ ሁለት ቀን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተኝታ ሞተች።

መንዳት ያስተማራት አባቴ ነበር። ከቀብሯ ሲመለስ የጭነት መኪናውን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ዳግም አልነካውም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ እያለ ራሱን የሚበላ መሰለኝ። አንጀቴን በላኝ።

እኔ ደግሞ የተናደድኩት በእሷ ነው። ቸኩላ ነው፣ ስታወራ ነው፣ መንገዱን ትታ ልጇን ስታይ ነው እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሞተች እናቴ ጋር ተኳርፌ ኖሬያለሁ። መቃብሯ ጋ ከአንድ ቀን በላይ አልሄድኩም።

ዘንድሮ አባቴ ከመሬት ተነስቶ፣ ያ መሪ ባይጋርደኝ እኮ እነዳው ነበር አለ።

ዳሌውን ያመዋል። እግሩን አጥፎ በዚያ ሰፊ መሪ ስር መግባት አይችልም። የድሮ መሪ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። የአዲሶቹ መኪኖች መሪ ግን ከስሩ ባለች እጀታ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሲገቡ ከፍ፣ ሲነዱ ዝቅ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው? ሳምንት ሳልጠብቅ መኪናውን አስጎትቼ ጋራዥ አስገባሁት። አባቴ ተመልሶ መሪ ከጨበጠ ራሱን ይቅር ይላል ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

መሪውን ከነዘንጉ አመጣለሁ ያለው ወንድሜ ነው። በሦስተኛው ቀን በጆንያ ጠቅልሎ አመጣው። ከየት አገኘኸው ስለው ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ነው አለና፣ "ደግሞ የልደት ካርዱን ላምጣልሽ?" ብሎ ሳቀ።

አቀፍኩት። እኔ ሰው የማቅፍ ዓይነት አይደለሁም... ያን ቀን ግን አቀፍኩት።

የጋራዡን ባለቤት ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" ነው የሚላቸው። ከመኪና በቀር ያከሙት ነገር የለም። የኔ በሽተኛ ሞቶ አያውቅም፣ ቢበዛ ቆርቆሮ ይሆናል እያሉ ይቀልዳሉ። ዘንጉን ከጆንያው ሳወጣው ግን አልቀለዱም።

የመጀመሪያው ነገር ያኔ ነው የታየኝ።

የአዲስ መኪና የመሪ ዘንግ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሁለት ቱቦዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው የተሠራ ነው፤ መኪናው ሲጋጭ የሹፌሩን ደረት እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ይሄኛውን በሜትር ስለካው ከትክክለኛ ርዝመቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር አጠረ።

ተሰብስቧል ማለት ነው።

ማለትም... አንድ ሰው በደረቱ ገፍቶታል።

ለዶክተር ነገርኳቸው። ብረቱን አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው። ያገለገለ ዕቃ ምን ትጠብቂበታለሽ አሉና ወደ ብየዳቸው ተመለሱ።

እዚያው መጣል ነበረብኝ። የተሰበሰበ ዘንግ ሁለተኛ እንደማያገለግል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔ ግን ቸኩያለሁ። የጭነት መኪናውን ጋቢና ስለካው ጠባብ ነው፤ ዘንጉ ሙሉ ቢሆን ኖሮ መቁረጥ ነበረብን። የጎደለው ሰባት ሳንቲ ሜትር በልክ የተሰፋ ልብስ ሆኖ አረፈ። እንዲያውም ተመቸን አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይሄን ነው።

ረቡዕ የድሮውን ዘንግ ቆረጥን። አዲሱን ከታች ካለው የመሪ ሳጥን ጋር፣ እንደ ክርን በሚተጣጠፉ ሁለት ክሮቼራዎች አገናኘነው። ባትሪው ተነቅሏል። አንድም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመሪው ጋር አልተያያዘም። ይሄን ያዙልኝ።

ሐሙስ አባቴ ሊሞክረው መጣ። ዶክተር ቢሮ በሚሏት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል።

መሪው ከታች ወደ ላይ አምስት ጥርስ አለው። እጀታዋን ሲስቧት ይለቃል፣ ሲለቋት የተፈለገው ጥርስ ላይ ይቆለፋል። እኔ በቁመት እናቴን ነው የወጣሁት፤ ታችኛው ጥርስ ላይ አደረግኩትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ... ላይ ነው።

አምስተኛው ጥርስ ላይ።

ዶክተርን ነካክተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኔ እዚህ ነኝ አሉ፤ ከወዲያኛው መኪና ስር እግራቸው ብቻ ይታያል።

ሞላው ነው አልኩ ለራሴ። መሪውን ወደ ላይ የሚገፋ ሞላ አለ፤ ቁልፉ በደንብ ካልያዘ ይነሳል። ፈታሁት። ጥርሶቹን በስልኬ መብራት አየኋቸው። አራቱ እንደ አዲስ ናቸው። አምስተኛው ብቻ ጫፉ ተሸርፏል።

መልሼ ገጠምኩት። ታች ቆለፍኩትና በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። አልነቃነቅም አለ።

ዞር አልኩ።

ጠቅ...

ጠቅ...

በሞላ የተገፋ መሪ በአንዴ ነው የሚስፈነጠረው። ይሄ ግን አንድ በአንድ ነው የወጣው... ሰው ለራሱ ሲያመቻች እንደሚያደርገው።

ጠቅ...

ጠቅ።

መሪውን ጨበጥኩት። ጥላ ስር የዋለ ነው፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይሞቃል... ግራና ቀኝ፣ እጅ የሚያርፍበት ላይ።

መዳፌን ሙቀቱ ላይ ዘረጋሁ። ከጣቶቼ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። የኔ ዓይነት እጅ አይደለም።

ያኔ ነው እጀታዋን ያየሁት። በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላለች፤ ወንድሜ ሲያመጣትም እንደዚያው ነበረች። በጥፍሬ ላጥኩት።

ከስሩ ክር ወጣ።

አረንጓዴ የልብስ ክር፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠመጠመ፣ ጫፉ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። መሪውን ዝቅ አድርጋ ስለምትነዳ እጀታዋ ጉልበቷን እየነካች አስቸገረቻት፤ አንድ ቀን ደጃችን ላይ ተቀምጣ በክር ጠቀለለቻት። አጠገቧ ሆኜ፣ መኪና እኮ ነው፣ ቀሚስ አይደለም ብዬ ስቄባታለሁ።

ቁጭ አልኩ። አልጮህኩም። አሰብኩ።

ዘንጉ የተሰበሰበው ሲጋጭ ነው። ሲጋጭ ኃይሉን የሚሸከመው የተቆለፈው ጥርስ ነው። የተሸከመው ይሸረፋል። የተሸረፈው ደግሞ አምስተኛው ነው።

እናቴ ሁልጊዜ ታችኛው ላይ ነበር የምትነዳው። ከዚያ ከፍ ካለ መንገዱን የምታየው በመሪው ቀዳዳ ነው። አባቴም እኔም አጫጭር ነን። በቤታችን አምስተኛው ጥርስ ላይ የሚነዳ አንድ ሰው ብቻ አለ...

ወንድሜ። ከቁመቱ የተነሳ ጓደኞቹ "ምሰሶ" ነው የሚሉት።

ክሩን ይዤ ዶክተር ፊት ቆምኩ። ከመኪናው ስር ወጡ፤ ክሩን አዩት፤ ብዙም አላስለፈለፉኝም። የተጋጨችውን መኪና ጎትተው ያመጧት እሳቸው ነበሩ። ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች የተባልነው መኪና ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋራዡ ጀርባ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወንድሜ ዘንግ ፈልጎ ሲታክተው ከእሷ ላይ ፈታው፤ አንድ ብረት ከሌላው አይለይም ብሎ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው አደራ ነበረብኝ አሉ።

የማን አደራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሱ ራሱ በበሩ እየገባ ነበር።

ወንድሜ ከደጅ ጀምሮ ነው የሚቀልደው። "ኢንጂነሯ... መሪው ግራና ቀኙን ለየ ወይስ ገና እያጠና ነው?"

መሪውን ታች ቆለፍኩት። "ግባና ሞክረው" አልኩት።

ገባ። ጉልበቱ መሪው ስር ተወተፈ። እየሳቀ ከፍ አድርጊልኝ አለኝ።

አልነካሁትም። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ጠቅ...

ጠቅ...

ጠቅ...

ጠቅ።

ጉልበቱ ነፃ ወጣ። ሳቁ ግን ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ቀለም ቀረ።

"አንቺ ነሽ?" ብሎ አንሾካሾከ።

"እጄን እየው።"

አየ። ከዚያ የራሱን እጆች አየ። መሪውን ግራና ቀኝ ጨብጠዋል። ሊያነሳቸው ሲታገል ትከሻው ተንቀጠቀጠ... አልተነሱም።

"ይሞቃል..." አለ።

"ማን ነበር የሚነዳው?"

"ዝም በይ። አባዬ ይሰማል።"

"ማን ነበር?"

ተናገረ። መንጃ ፈቃዱን በዚያው ወር ተነጥቆ ነበር። እናቴ እኔ ልንዳ ብላው እምቢ አለ። ግንቡን ሲመቱ እሷ ከጎኑ ነበረች። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ቃል ከአፉ አመለጠው፤ እሷ ናት አለ።

"በሕይወት ነበረች እኮ..." አለኝ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። "ያን ስናገር በሕይወት ነበረች። ትነቃና 'አዎ፣ እኔ ነኝ' ትላለች ብዬ ነው። ለኔ ብላ ትል ነበር... ታውቂያታለሽ።"

አውቃታለሁ። ትል ነበር።

ሁለት ቀን ጠበቃት። አልነቃችም። ውሸቱ እላይዋ ላይ ቀረ።

ከኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ከቆርቆሮዋ ክፍል ወጥቶ ቆሟል። ሮጬ ክንዱን ያዝኩት። ልቡ ይቆማል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ግን... እፎይ ይላል ብዬ ነው የሮጥኩት።

"አባዬ፣ ሰማህ? እሷ አልነበረችም። አንተ በደንብ ነው ያስተማርካት።"

አባቴ አልደነገጠም። መሪውን አየ። ከዚያ ጫማውን አየ።

"አውቃለሁ" አለ።

አስከሬኗን የተረከበው እሱ ነበር። የደህንነት ቀበቶው ሰንበር ያረፈው በሹፌር ትከሻ በኩል አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው የቱ ትከሻ የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ የከተተው በጸጸት መስሎኝ ነበር... በእፍረት ነው።

"ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው" አለኝ። "እሷ አትመለስ... የቀረኝን ልጅ በገዛ አፌ ላሳስረው?"

"የቀረህን ልጅ?" አልኩት። "እኔስ? ሦስት ዓመት እናቴን ስረግም አጠገቤ ተቀምጠህ?"

ወንድሜ ጋቢናው ውስጥ እያለቀሰ ነው። ዶክተር መፍቻ ይጠርጋሉ... የጸዳ መፍቻ።

ያኔ ነው የተሳፋሪው በር የተከፈተው።

በዚያ በኩል ማንም አልነበረም። በሩ ዝጓል፤ ሁለት ሰው ካልጎተተው አይነቃነቅም። ድምፅ ሳያሰማ ወለል አለ... ጋቢናውም ሰው ሲወርድለት እንደሚያደርገው በዚያ ጎኑ ትንሽ ከፍ አለ።

የወንድሜ እጆች ከመሪው ላይ ወደቁ።

አባቴ እናቴን በስሟ ጠራት። ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ። ከሞተች ወዲህ ስሟ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ቦርሳዬን አነሳሁ። አባቴ እጁን ዘረጋ፤ በጎኑ አለፍኩ። ዶክተር ሥራው እኮ አላለቀም ብለው አጉረመረሙ።

"የቀረውን እናንተ ጨርሱት" አልኳቸው። "አብራችሁ መሥራት ታውቁበታላችሁ።"

የጋራዡን የብረት በር ከፈትኩ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሦስቱም ባሉበት ናቸው። አንዳቸውም አልተከተሉኝም።

በሩን ግን ለአንድ ሰው ከሚበቃው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቼ ያዝኩት...

ከዚያ ዘጋሁት።