በኩሬው የሞቱት ዓሦች

መምህር አንዱዓለም ስለሞቱት ዓሦች ለፖሊስ የሰጠው ቃል፣ ሐሙስ ማለዳ በሽር የኬሚካል በርሜሉን ወንዙ ውስጥ ሲያለቀልቅ በዓይኑ ማየቱን ነው። የሰሊጥ እርሻው ሠራተኛ በሽር ደግሞ ውኃ ሊቀዳ ሲደርስ ዓሦቹ ቀድመው ሞተው እንደነበር፣ አህያው ቀድሞት እንደጠጣና በርሜሉንም ኬሚካል ነክቶት እንደማያውቅ ተናገረ።

የስምንተኛ ክፍሏ ውቢት መምህሯን አመነች። ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ላስቲክና የተቃጠለ ዘይት ከወንዙ ሲያወጡ፣ ቀድሞ ጭቃው ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። ዓሣው ተመልሶ፣ ዓሣ አጥማጅ ወፎችም ተከትለውት መጥተው ነበር። በሽር ሲታሰር ደስ አላት።

ዓርብ ዋና ሳጅን ሀብትነሽ መጣች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ አህያው ነው።

«እሱም ሊታሰር ነው?» አለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጋሽ ዘሩ።

አህያው ደኅና ነበር። ሳጅኗ ወንዙ ተቆርጦ በቀረው ኩሬ ዳር ተቀምጣ ወፎቹን ስታይ ቆየች፤ ከድንጋይ ሥር አንዲት የጨርቅ ከረጢት አውጥታ አሸተተች። ከሰዓት በኋላ መምህሩን፣ ዘበኛውንና የክበቡን ልጆች፣ በሽርንም ጭምር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አህያው ከውኃው ጠጥቷል፤ ወፎቹም የሞተውን ዓሣ በልተዋል። አንዳቸውም አልሞቱም። የእርሻ ኬሚካል እንዲህ አይምርም።» ከረጢቱን ፈታች። «ይህ የብርብራ ፍሬ ዱቄት ነው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ በአገራችን ሌላ እንስሳ ሳይጎዱ ዓሣ የሚያሰክሩት በዚህ ነው። ዛፉ ግን እዚህ ቆላ አይበቅልም። ሰሞኑን ከደጋ የመጣ ማነው?»

ጋሽ ዘሩ ከዚህ ከኮኪት ወጣ ካለ ዓመታት አልፈዋል። በሽርም ወቅቱን ሙሉ ከእርሻው አልራቀም። መምህር አንዱዓለም ግን ከአገሩ ከጎጃም፣ ከእረፍት የተመለሰው ሰኞ ነበር።

«ትናንት ክበቡን ሊያዩ ለመጡት የዞን እንግዶች የቀረበው የጾም ምሳ ዓሣ ነበር። ከየት ገዙት፣ መምህር?»

«ከገበያ።»

«ገበያውን ጠይቄያለሁ። በዚህ ሳምንት ዓሣ የሸጠ የለም።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። እንግዶቹ የወንዛቸውን ዓሣ እንዲቀምሱ ፈልጎ እንደነበር ተናገረ። በአገሩ ወንዙ ስለሚፈስ ዱቄቱን ያጥበዋል፤ የሚሰክረውም ጥቂት ዓሣ ብቻ ነው። እዚህ በሁዳዴ ወንዙ ተቆርጦ ኩሬ እንደሚሆን፣ ዱቄቱም ዓሣውን ሁሉ እንደሚፈጅ አላሰበበትም።

«ጋሽ በሽርንስ ለምን?» አለች ውቢት።

«እንዳትጠሉኝ ብዬ።»

ውቢት የበሽርን ዓይን ማየት አቃታት። መምህሩ ነገሩ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ለመነ፤ ከተሰማ ክበቡ ይፈርሳል አለ። ሳጅኗ የእሷ መዝገብ እንደማይደበቅ ነገረችው። የክበቡ ልጆች ግን ወደ ሊቀ መንበራቸው፣ ወደ ውቢት ዞሩ።

ውቢት ተነሣች።

«ሰኞ ሰልፍ ላይ ሁሉንም እኔው እናገራለሁ። ወንዙን አንተወውም፤ እንደገና እንጀምራለን። እርስዎ ግን፣ መምህር፣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ውኃው ውስጥ አይገቡም።»